ባዕድ ገበሬና የካካዎ ዛፍ፤ ከጎንደር ደጋ አንጻር የቀረበ ጥናት

በሐሩር አገር ጥቂት መሬት ይዞ፣ ካካዎ ተክሎ፣ ከፍሬው እየሸጡ መኖር የብዙ የውጭ አገር ሰው ምኞት ነው። ምኞቱም የአውሮፓና የአሜሪካ ተወላጆች ብቻ አይደለም። ከጎንደር ወጥተው የሌላ አገር ዜግነት የያዙ ወገኖቻችንም ወደ ትውልድ አገራቸው ተመልሰው እርሻ ለማቋቋም ያስባሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ አሳብ በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ ላይ አድርጎ መመርመር ነው።

መልሱ ባጭሩ ካካዎ በዚህ ደጋ አይሆንም የሚል ነው። ነገር ግን ምርመራው በዚህ ብቻ ቢቆም ግማሽ ሆኖ ይቀራል። አየሩ የተስማማ ቢሆን እንኳ ከአየሩ የሚከብድ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ዛፉ የሚተከልበት መሬት የማን ነው? የሚለው ነው። ስለዚህ አስቀድመን የዛፉን ጠባይ፣ ቀጥለን የአገሩን አየር፣ ከዚያም የመሬቱን ነገር በየተራ እናያለን።

1. ዛፉ የሚፈልገው ነገር

ካካዎ በደቡብ አሜሪካ በአማዞን ወንዝ የላይኛው ተፋሰስ ከሚገኘው ጥቅጥቅ ያለ ደን የተገኘ ዛፍ ነው። በተፈጥሮው ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚኖር ስለ ሆነ ብርቱ ፀሐይንና ደረቅ ነፋስን አይወድም። ፍሬውን የሚያወጣው እንደ ሌሎች ብዙ ዛፎች በቀንበጥ ጫፍ ላይ ሳይሆን በግንዱና በወፋፍራም ቅርንጫፎቹ ላይ ነው። በአንዱ ፍሬ ውስጥ ከ20 እስከ 50 የሚደርሱ ዘሮች ይገኛሉ። ዘሮቹም ከነነጭ ልባሳቸው ከ5 እስከ 7 ቀን ተከምረው ከተብላሉ በኋላ በፀሐይ ይደርቃሉ፤ የቸኮላታ ሽታና ጣዕም መሠረቱ የሚጣለው በዚሁ ማብላላት ነው። አንድ ኪሎ ደረቅ ዘር ለማግኘት ከ20 እስከ 30 ፍሬ ያስፈልጋል።

ዛፉ ከምድር ወገብ በስተሰሜንና በስተደቡብ እስከ 20 ዲግሪ ድረስ ባለው ክልል ይበቅላል። ሙቀቱ በአማካይ በቀን ከ32 ዲግሪ ብዙ የማይበልጥ፣ በሌሊትም ከ18 ዲግሪ በታች የማይወርድ መሆን አለበት። ዝናቡ በዓመት ከ1,500 እስከ 2,000 ሚሊሜትር ቢሆን ይመረጣል። ከመጠኑ ይልቅ ግን የዝናቡ አከፋፈል ይበልጣል፤ ከ100 ሚሊሜትር በታች የሚዘንብባቸው ወሮች ከሦስት ከበለጡ ዛፉ ይጎዳል።

ዛፉ ከተተከለ በኋላ ማፍራት የሚጀምረው ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ከዚያም በደህና ከተያዘ ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት ይሰጣል። አንባቢ ይህን ነገር ልብ ይበልልን፤ ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ላይ ነውና። ጤፍ የሚዘራ ሰው ከመሬቱ ጋር ያለው ጉዳይ የአንድ ክረምት ነው፤ ካካዎ የሚተክል ሰው ግን ምንም ሳያገኝ እስከ 5 ዓመት ይጠብቃል፤ ድካሙን የሚመልስለትም ከዚያ በኋላ የሚመጣው ረጅም ዘመን ነው።

2. የጎንደር አገር አየር

የጎንደር ከተማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ትገኛለች። ካርታ ብቻ የተመለከተ ሰው ከተማይቱ በካካዎ ክልል ውስጥ መሆኗን አይቶ ደስ ሊለው ይችላል። ነገር ግን የከተማይቱ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ያልፋል። ከጎንደር ወደ ሰሜን ወገራን አቋርጦ ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ የሚሄድ ሰው ከ2,500 ሜትር በላይ ይወጣል፤ የስሜን ተራሮች ራስ የሆነው ራስ ዳሽን ደግሞ ከ4,500 ሜትር ይበልጣል። በዚህ ሁሉ ደጋ ሌሊቱ ለካካዎ እጅግ ብርድ ነው። ገብስና ስንዴ የሚወዱት፣ በላይኛውም ክፍል ውርጭ የሚወርድበት አገር ነው።

ዝናቡም እንዲሁ ነው። የጎንደር ዝናብ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ተጠቃሎ የሚወርድ ሲሆን ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ደረቅ ነው። ካካዎ የሚችለው ደረቅ ጊዜ ሦስት ወር ሲሆን የጎንደር በጋ ግን ሰባት ወር ይሞላል።

እንግዲህ ደጋው ብርድ ከሆነ ወደ ቆላ እንውረድ የሚል ይኖራል። በምዕራብ በኩል ወደ መተማና ወደ ቋራ ቢወርዱ ሙቀቱ ይገኛል፤ የመተማ ከተማ ከፍታ ከ1,000 ሜትር በታች ነውና። ሆኖም የዝናቡ ወራት እዚያም እንደ ደጋው አጭር ናቸው፤ በጋው ደግሞ የሚያቃጥል ነው። ስለዚህ ቆላው የሰሊጥና የጥጥ አገር ሆነ እንጂ ጥላና ርጥበት ለሚሹ ዛፎች አልተመቸም። ደጋው ሙቀት አጣ፤ ቆላው ርጥበት አጣ።

በዚህ አካባቢ ጠባዩ ለካካዎ የሚቀርብ የጥላ ተክል ቢፈለግ የሚገኘው በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ በዘጌ ልሳነ ምድር ያለው ቡና ነው። የዘጌ ቡና በገዳማቱ ዙሪያ ከአገር በቀል ዛፎች ሥር ይበቅላል። በቆየው ልማድ መሠረት በዘጌ መሬት በበሬ አይታረስም፤ ከብትም አይሰማራበትም። ደኑ እስከ ዛሬ የቆየው በሐይቁ ርጥበት ብቻ ሳይሆን በዚህ ሥርዓት ጭምር ነው። ከዚህም የምንማረው ዛፍን ከዘመን ወደ ዘመን የሚያቆየው ሰው የተስማማበት የመሬት ሕግ መሆኑን ነው።

3. ከሌላ ቦታ የመጡ ገበሬዎች በምዕራብ አፍሪካ

ይህን በሰፊው ለመረዳት ወደ ካካዎ አገር ሄዶ መመልከት ይጠቅማል። በዛሬይቱ ጋና፣ በዚያን ዘመን ወርቅ ዳርቻ ትባል በነበረችው አገር፣ ቴቴ ኳርሺ የተባለ አንጥረኛ እ.ኤ.አ. በ1879 ከፈርናንዶ ፖ ደሴት የካካዎ ዘር ይዞ ተመልሶ በአክዋፒም አገር በማምፖንግ እንደ ተከለ ይነገራል። ከዚያ በፊትም የባዝል ሚሲዮናውያን ሞክረውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1911 አገሪቱ ካካዎ ወደ ውጭ በመላክ ከዓለም አንደኛ ሆነች። ይህ የሆነው በአውሮፓውያን ሰፋፊ እርሻ ሳይሆን በትንንሽ የአፍሪካውያን እርሻ ነው።

ፖሊ ሂል የተባሉት እንግሊዛዊት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት ከነዚህ ገበሬዎች ብዙዎቹ ለቦታው እንግዶች ነበሩ። የአክዋፒም ሰዎች በዘይት ዛፍና በጎማ ንግድ ያገኙትን ገንዘብ አዋጥተው፣ ማኅበር አቁመው፣ ወደ ጎረቤት አገር ወደ አኪም አቡአክዋ ተሻግረው ከባላባቶቹ ደን ገዙ፤ የገዙትንም በየመዋጯቸው ተካፍለው ተከሉ። ችግኙ እስኪያድግ ጥላ እንዲሆነው፣ ለራሳቸውም ምግብ እንዲሆናቸው ሙዝ መሰል ተክልና ጎደሬ አብረው ተከሉ። እንግድነታቸው ያልጎዳቸው መሬቱን ከባለቤቱ በስምምነት ስላገኙት ነው።

በኮት ዲቯር የሆነው ግን ከዚህ ይለያል። ፕሬዚዳንት ኡፉዌ ቧኒ ከነጻነት በኋላ መሬት ላለማው ሰው ነው በሚል መመሪያ ከሰሜን የአገሪቱ ክፍልና ከዛሬይቱ ቡርኪና ፋሶ የመጡ ብዙ ሰዎች በምዕራቡ ደን ካካዎ እንዲተክሉ አበረታቱ። ምርቱ አደገ፤ አገሪቱም በካካዎ ምርት ከዓለም ቀዳሚ ሆነች። የአካባቢው ባለ መሬቶችና እንግዶቹ ገበሬዎች ስለ ተዋዋሉት ነገር ግን አንድ አሳብ አልነበራቸውም፤ አንዱ አበደርሁ ሲል ሌላው ገዛሁ ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሕግ የገጠር መሬት ባለቤትነትን ለዜጎች ብቻ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2002 የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣም ከእርሻቸው የተባረሩ ብዙዎች ነበሩ። ዛፉ ቆሞ ሳለ ተካዩ ተነቀለ።

4. የወገራ ምሳሌ

ለጎንደር ደጋ እነዚህ ነገሮች ሩቅ ታሪክ አይደሉም። የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ጎንደርን በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ከያዘ በኋላ ከተማይቱ አማራ ተብሎ የተከለለው ግዛት ዋና ከተማ ሆነች። የኢጣሊያ መንግሥትም የራሱን ገበሬዎች አምጥቶ በኢትዮጵያ ምድር ለማስፈር አሰበ። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1937 መጨረሻ በኢጣሊያ ክፍላተ አገር ስም የሚጠሩ የሰፈራ ድርጅቶች ተቋቋሙ። የፑሊያ ሰዎች ወደ ጨርጨር፣ የሙሶሊኒ የትውልድ አገር የሆነችው የሮማኛ ሰዎች ደግሞ ወደ ወገራ እንዲመጡ ተወሰነ።

የወገራ ሜዳ ሰፊና ለም ነው፤ አየሩም ለስንዴ የተስማማ ስለ ሆነ ለአውሮፓ ገበሬ ባዕድ አይሆንበትም። እቅዱም በወረቀት ላይ ሲታይ የተሟላ ይመስላል። ድርጅቱ ለሰፋሪው ቤት፣ በሬና መሣሪያ ይሰጣል፤ ሰፋሪው እየሠራ እዳውን ይከፍላል፤ በመጨረሻም የመሬቱ ባለቤት ይሆናል የሚል ነበር። ከአየሩም ከመሣሪያውም አንጻር የጎደለ ነገር አልነበረም።

የጎደለው የመሬቱ ባለቤት ፈቃድ ነበር። በወገራ መሬት በርስት ይያዝ ነበር። ርስት ማለት ከአቅኚው አባት ወይም እናት በትውልድ የሚቆጠር መብት ስለ ሆነ አንድ ሰው ብቻውን ሽጦ የሚያስወጣው ነገር አይደለም። ዛሬ ባያርሰውም ነገ ልደቱን ቆጥሮ ድርሻዬን ስጡኝ ሊል የሚችል ዘመድ በየስፍራው አለ። ስለዚህ ባዕዱ መንግሥት ባዶ ነው ብሎ የቆጠረው መሬት በሕዝቡ ዘንድ ባለቤቱ የታወቀ ነበር። ሰው በርስቱ ለመጣበት አይታገሥም የሚባለውም በከንቱ አይደለም።

በዚያውም ዘመን የጎንደር አርበኞች እነ አሞራው ውብነህና እነ አዳነ መኰንን በአርማጭሆና በአካባቢው ይዋጉ ነበር። ሰፋሪው ከምሽግ ወጥቶ በሰላም ለማረስ አልቻለም። የሰፋሪዎቹም ቍጥር ከታሰበው ሳይደርስ ቀረ። በኅዳር 1934 ዓ.ም. ጀኔራል ናዚ በጎንደር እጃቸውን ሲሰጡ እቅዱ ሁሉ አብሮ አከተመ። እንግዲህ የወገራው ሰፋሪ የወደቀው አየር ባልተስማማው ተክል አይደለም፤ ስንዴውማ አገሩ ነበር። የወደቀው መሬቱን በጉልበት ስለ ያዘ ነው።

5. በአገሩ እንግዳ የሆነ

በርስት ሥርዓት እንግዳ የሚባለው ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ 1ኛ ዘመን በጎንደር የተደረገው ጉባኤ እስላሞች በየራሳቸው ሰፈር ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። በአብዛኛውም ርስት ስለማይፈቀድላቸው በንግድና በሽመና ታወቁ። ቤተ እስራኤልም እንዲሁ በአብዛኛው በሰው መሬት ላይ እያረሱ በብረት ሥራ፣ በሸክላና በግንበኝነት ይተዳደሩ ነበር። መዶሻና መወርወሪያ ከባለቤቱ ጋር ይሄዳሉ፤ ዛፍ ግን ከቦታው አይሄድም። መሬቱ ነገ ይወሰድብኛል ብሎ የሚፈራ ሰው የዓመት እህል ይዘራል እንጂ ዛፍ አይተክልም። ባዕድ ገበሬ ከመትከሉ በፊት ሊያስበው የሚገባው ነገር ይኸው ነው።

6. ዛሬ ያለው ሕግ

የርስት ሥርዓት በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ተሽሯል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፤ አይለወጥም ይላል። ገበሬው የመጠቀም መብት አለው፤ ባለሀብት ደግሞ በኪራይ ውል ለተወሰነ ዘመን ይይዛል። የውጭ አገር ሰው ብቻውን ለሚያቋቁመው አንድ ሥራ በኢንቨስትመንት አዋጅ ቍጥር 1180/2012 የተወሰነው ዝቅተኛ ካፒታል 200,000 የአሜሪካ ዶላር ነው። ስለዚህ ጥቂት ገንዘብ ይዞ ትንሽ እርሻ ለሚመኝ ባዕድ ሰው በሩ ጠባብ ነው። ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሆነ የውጭ አገር ዜጋ ግን በአዋጅ ቍጥር 270/1994 መሠረት መታወቂያ ካወጣ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መቈጠር ይችላል። እርሱም ቢሆን የሚያገኘው የመጠቀምን መብት እንጂ የመሬት ባለቤትነትን አይደለም።

7. ማጠቃለያ

ከላይ ከተባለው ሦስት ነገር ይወጣል። አንደኛ፣ በሐሩር ክልል ውስጥ መሆን ብቻ ለካካዎ አይበቃም፤ የአገሩ ከፍታና የበጋው ርዝመት አስቀድሞ ይመዘን። ሁለተኛ፣ ጎንደር ላይ እርሻ የሚያስብ ሰው ደጋው የሚያውቀውን እህልና ተክል ይያዝ፤ ካካዎ የሚፈልግ ግን የካካዎ አገር ይፈልግ። ሦስተኛ፣ ዛፍ የሚተክል ሰው ከችግኙ በፊት የውሉን ዘመን ይመርምር። ዛፉ በአምስተኛው ዓመት ማፍራት ጀምሮ ውሉ በዓሥረኛው የሚያልቅ ከሆነ የተከለው ለሌላ ሰው ነው። ውሉንም ከጽሕፈት ቤቱ ጋር ብቻ ሳይሆን በመሬቱ ላይ ሲያርሱና ከብት ሲያሰማሩ ከኖሩት ሰዎች ጋር ተነጋግሮ ይጨርስ።

በመጨረሻም በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ ያሉ ሽማግሌዎች ስለ ሰፈራው ዘመን ከአባቶቻቸው የሰሙትን የሚያስታውሱ ሳሉ ከተማሪዎቻችን አንዳንዶቹ ሄደው ቢጽፉት ለታሪክም ለእርሻ ትምህርትም የሚጠቅም ሥራ ይሆናል። የትኛው ማሳ ከማን እንደ ተወሰደና ከ1934 ዓ.ም. በኋላ ለማን እንደ ተመለሰ በቦታው ተጠይቆ ቢመዘገብ፣ ነገ መሬት ለሚጠይቅ እንግዳም መሬት ለሚሰጥ ሹምም መልካም ማስረጃ ይሆናል።