ያልተለመደ ውርወራ፣ ያልተጣሰ ሕግ

ዛሬ በአሜሪካ የታዳጊ ሴቶች ሶፍትቦል አብዛኞቹ ወርዋሪዎች ክንዳቸውን ሙሉ ክብ አዙረው ኳሷን ከዳሌያቸው ሥር ይለቃሉ። «ዊንድሚል» የሚባለው ይህ ስልት ከመለመዱ የተነሳ፣ አንዲት ልጅ በ«ስሊንግሾት» ስትወረውር ከተቃራኒው ቡድን በኩል «ጥፋት ነው!» የሚል ጩኸት ይነሳል፤ አንዳንዴም ዳኛው ይቀበለዋል።

በስሊንግሾት ክንዱ አይዞርም። ወርዋሪዋ እጇን ወደ ኋላና ወደ ላይ ታነሳለች፤ ከዚያ በሄደበት መንገድ ወደ ፊት ትመልሰዋለች። ስልቱ የቆየ ነው። የሶፍትቦል ወርዋሪዋ ጆአን ጆይስ እ.ኤ.አ. በ1961 በኮነቲከት ግዛት፣ በዋተርበሪ ከተማ ዝነኛውን የቤዝቦል መቺ ቴድ ዊሊያምስን ያስቸገረችው በዚሁ ውርወራ ነበር።

ታዲያ ሕጉ ምን ይላል? በተለመዱት የውድድር ደንቦች ኳሷ የምትለቀቀው ከታች ነው፤ እጅ ከዳሌ በታች ይሆናል፤ የእጅ አንጓ ከክርን ይልቅ ከሰውነት አይርቅም። በዊንድሚል ክንድ ከአንድ ዙር ተኩል በላይ መዞር የለበትም። ይህ ጣሪያ ነው፤ «ቢያንስ አንድ ዙር ይዙር» የሚል ግን የለም። በእጅ ጀርባ የምትለቀቅ ዘገምተኛ ኳስም መልኳ ቢያስገርምም እነዚህን መስፈርቶች እስካሟላች ድረስ ትፈቀዳለች።

ዳኛው ውርወራውን ሕገወጥ ካለ ለመቺዋ «ቦል» ይቆጠርላታል። ያኔ አሰልጣኙ ጨዋታው እንዲቆም ይጠይቅና ወደ ዳኛው ተራምዶ፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ አንድ ጥያቄ ያቀርባል፦ «የትኛውን ድርጊት አዩ?» ቀጣዩን እርምጃ የሚወስነው መልሱ ነው። «የእጇ አንጓ ከክርኗ ርቋል» ከተባለ ዳኛው በዓይኑ ያየውን ፈርዷል፤ በዚህ ላይ ይግባኝ አይቀርብም። «ክንዷ ሙሉ ክብ አልዞረም» ከተባለ ግን የተሳሳተው የሕጉ አተረጓጎም ነው። አሰልጣኙ ዳኛው ከባልደረባው ጋር እንዲመክር ይጠይቃል፤ ካልተስተካከለም ቀጣዩ ኳስ ከመወርወሩ በፊት ይግባኙን ያስመዘግባል። አንዲት ኳስ ከተወረወረች በኋላ ዕድሉ ያልፋል።

ዳኛም የራሱ ድርሻ አለበት። ጩኸት ሰምቶ ከመወሰን ይልቅ እግርን፣ አንጓንና ኳሷ የምትለቀቅበትን ቦታ መከታተል ይገባዋል፤ የተጣሰውን ነጥብ መጥቀስ ካልቻለ ጨዋታው ይቀጥላል።

ጠቡን አስቀድሞ ማብረድም ይቻላል። የትምህርት ቤት፣ የክለብና የሊትል ሊግ ደንቦች በዝርዝር ስለሚለያዩ አሰልጣኙ የዚያን ውድድር ደንብ መጽሐፍ ይዞ ይመጣል። ከጨዋታው በፊት ዳኞችና አሰልጣኞች ሲገናኙም «የኛ ልጅ በስሊንግሾት ትወረውራለች» ብሎ ያሳውቃል። ዳኛው አስቀድሞ የማጽደቅ ግዴታ የለበትም፤ ነገር ግን የመጀመሪያዋ ኳስ ስትወረወር ዓይኑ መገረሙን ትቶ ሕጉን ይፈትሻል።