የተዋሰ ቃል፦ ሐዘን በያሬድ ዘለቀ «ላምብ» እና በሪዩሱኬ ሐማጉቺ «ድራይቭ ማይ ካር»

(በጋሸና ለሕዝብ ከቀረበ ትምህርታዊ ንግግር የተገለበጠ)



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል፤ ሐዘንተኛ የሚናገረው ቃል ከየት ይመጣል? በባህላችን መልሱ የታወቀ ነው። ሐዘንተኛ ቃል እንዲፈጥር አይጠበቅበትም። አስለቃሿ ሙሾውን ታወጣለች፣ ለቀስተኛው ይቀበላል፣ ጎረቤት እህል ውሃ ይዞ ይመጣል፣ በአርባው ቀን ተዝካር ይወጣል። ሐዘኑ የግለሰቡ ቢሆንም ቅርጹ የማኅበረሰቡ ነው። ይህ ቅርጽ ሲጎድልስ? ሁለት ፊልሞች ጥያቄውን በቅርበት ይመረምሩታል።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2015 ለዕይታ የበቃው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ነው። ያሬድ በአዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲም የፊልም ጥበብ ተማረ። ፊልሙ በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ታሪኩ እናቱን ስላጣው ስለ ትንሹ ኤፍሬም ነው። አባቱ ድርቅ ከመታው ቀዬ አውጥቶ ዘመዶቹ ዘንድ ያስቀምጠውና ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ለልጁ የቀረችው ቹኒ የተባለች በጉ ናት፤ አጎቱ ግን ለበዓል ሊያርዳት ይፈልጋል።

ኤፍሬም ስለ እናቱ ረዥም ንግግር አያደርግም፤ ምግብ ያበስላል። ሙያው ከእናቱ የወረሰው ነው። አጎቱ ወንድ ልጅ እርሻ እንጂ ማጀት አይገባውም ብሎ ይቆጣዋል። ልጁ ግን ሳምቡሳ እየሠራ በገበያ ይሸጣል፤ ገንዘቡም ወደ ቀዬው የሚመለስበት የአውቶቡስ መሳፈሪያ ነው። አጎቱ የሚያየው ከወግ የወጣ ልጅ ነው፤ ተመልካቹ ግን በዚያ ሥራ ውስጥ ልቅሶ ያያል። የእናቱ እጅ በልጇ እጅ ይቀጥላልና።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የጃፓናዊው ሪዩሱኬ ሐማጉቺ «ድራይቭ ማይ ካር» ነው። መነሻው የሐሩኪ ሙራካሚ አጭር ልብወለድ ሲሆን በካን የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማት፣ በ2022 ደግሞ የምርጥ ዓለም አቀፍ ፊልም ኦስካር አግኝቷል። ካፉኩ የተባለው የቴአትር ባለሙያ ሚስቱ በድንገት ትሞትበታለች። እርሷም የቼኾቭን «አጎቴ ቫንያ» በካሴት ቀድታለታለች፤ የእርሱ ንግግር በሚገባበት ቦታ ዝም ትላለች። ካፉኩ መኪናው ውስጥ ካሴቱን እያዳመጠ ክፍተቱን በቫንያ ቃል ይሞላል። በራሱ ቃል ሊላት ያልቻለው ግን ውስጡ ተቀብሮ ይቀራል።

በሂሮሺማ ተውኔቱን ሲያዘጋጅ ተዋንያኑ በተለያዩ ቋንቋዎች ይናገራሉ፤ አንዷ በኮሪያ የምልክት ቋንቋ ትተውናለች። በልምምድ ወቅት ቃሉን ስሜት ሳይጨምሩ ደጋግመው እንዲያነቡት ያዝዛቸዋል። ለጥበበኛ ሰው እንግዳ ትእዛዝ ይመስላል። ሆኖም አስለቃሽ ያየ ሰው ምክንያቱን ይረዳል፤ ቃሉ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ሲጠብቅ፣ ስሜቱ በራሱ ጊዜ ይደርሳል።

እንግዲህ ሁለቱም ሐዘንተኞች የሚያዝኑት በተዋሱት ነገር ነው፤ አንዱ በእናቱ ሙያ፣ ሌላው በሌላ ደራሲ ቃል። ልዩነታቸውም ሊስተዋል ይገባል። ካፉኩ በመጨረሻ የሚሰማው ሰው ያገኛል፤ ሾፌሩ ሚሳኪም የራሷ ሐዘን አለባትና። የኤፍሬም ሐዘን ግን በዘመዶቹ መካከል ሆኖም ስም አላገኘም፤ አዋቂዎቹ ስለ እርሻና ስለ በዓል ሲነጋገሩ ለሕፃን ልቅሶ ቦታ አልተወላቸውም። ወጉ ባለበት አገርም ከወጉ ውጭ የሚቀር ሰው አለ።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ይህች የመንገድ መገናኛ ከተማ የውጊያ ሜዳ ነበረች። በጦርነት ጊዜ ለቀስተኛ አይሰበሰብም፤ የሟች አስከሬን ሳይገኝም ይቀራል፤ ሙሾውም ሳይወጣ ያልፋል። ከእናንተ መካከል ካሜራ ይዛችሁ ይህን ሐዘን ለመቅረጽ የምትነሡ ትኖራላችሁ። የሚያለቅስ ፊት ማሳየት ቀላል ነው፤ ሐዘንተኛውን ግን ለሁለተኛ ጊዜ ሊያራቁተው ይችላል። እጁ የያዘውን ሥራ፣ ከሟቹ የተዋሰውን ልማድ፣ በቤቱ ውስጥ ዝም የሚለውን ሕፃን ተመልከቱ። ያልወጣው ሙሾ የሚገኘው እዚያ ነው።