ካኖ ጠብታውን ያቆመችበት ዓመት

የልጅነት ልምሻ ወይም የፖሊዮ አንዱ መከላከያ በአፍ የሚንጠባጠብ ሁለት ጠብታ ነው። በሰሜን ናይጄሪያ ግን ይህ ጠብታ እ.ኤ.አ. በ2003 ትልቅ ሙግት አስነሣ። የናይጄሪያ የሸሪዓ ጠቅላይ ምክር ቤት መሪ፣ ራሳቸው ሐኪም የነበሩት ዳቲ አሕመድ፣ ክትባቱ ሴት ልጆችን የሚያመክን ነገር አለበት አሉ። ካኖ፣ ካዱናና ዛምፋራ የተባሉት ክፍለ ግዛቶች የክትባት ዘመቻውን አገዱ፤ ካኖ 11 ወር ያህል በእገዳዋ ጸናች።

ነገሩን በድንቁርና ብቻ መተርጎም ይቀላል፤ ግን አያስኬድም። በ1996 የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ካኖን ሲፈጅ፣ የአሜሪካው ፋይዘር ትሮቫን የተባለ መድኃኒቱን በካኖ ከተማ የተላላፊ በሽታዎች ሆስፒታል ሞክሮ ነበር። በሙከራው ከገቡት 200 ሕፃናት 11ዱ ሞቱ። ኩባንያው የገደላቸው በሽታው ነው አለ፤ ወላጆች ደግሞ ሙከራ መሆኑ አልተነገረንም ብለው ከሰሱ። ከካኖ ክፍለ ግዛት ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት የተደረሰው በ2009 ነው። ሌላም ቅሬታ ነበር፦ ልጇ በወባ ትኩሳት ሲነድ መድኃኒት ያጣች እናት፣ ያልጠየቀችው ጠብታ በነፃ ደጇ ድረስ ሲመጣላት መጠርጠሯ አይገርምም።

ልዑካን ወደ ውጭ አገር ተልከው ክትባቱ ከተመረመረ በኋላ፣ ካኖ በሐምሌ 2004 ዘመቻውን የቀጠለችው ከኢንዶኔዥያ በመጣ ጠብታ ነው። ክትባቱ ያው ክትባት ነበር፤ የተለወጠው የመጣበት አገር ነው።

ቫይረሱ ግን ሙግቱ እስኪያልቅ አልጠበቀም። በሱዳን አድርጎ፣ አራት ዓመት ገደማ ከበሽታው ነጻ ወደነበረችው ኢትዮጵያ ገባ፤ በ2004 መጨረሻ በትግራይ አንድ ሕፃን ሽባ ሆነ። በ2005 ወደ የመን፣ ከዚያም ክትባቱን ወደሰጠችው ወደ ኢንዶኔዥያ ራሷ ዘልቆ በዚያ ብቻ ከ300 በላይ ሕፃናትን አሽመደመደ።

ናይጄሪያ የመጨረሻውን የተፈጥሮ ፖሊዮ ታማሚ ያየችው በ2016 በቦርኖ ክፍለ ግዛት ነው፤ አፍሪካ ከተፈጥሮ ፖሊዮ ነጻ መሆኗ የታወጀው ነሐሴ 25 ቀን 2020። የቀረው ችግር ከራሱ ከጠብታው የሚመነጭ ነው። በውስጡ ያለው የተዳከመ ቫይረስ፣ ያልተከተቡ ልጆች በበዙበት ቦታ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛመት ቆይቶ ጠባዩን ይለውጥና ማሽመድመድ ይጀምራል። ኢትዮጵያም ከ2019 ወዲህ ይህ ደርሶባታል። ስለዚህ የወላጅ ጥርጣሬ ሁሉ መሠረት የለሽ አይደለም፤ ይህ አደጋ የሚያይለው ግን ክትባት በጎደለበት ነው። በቀላሉ እንዳይለወጥ ተደርጎ የተሠራው አዲሱ ጠብታ በ2021 መጀመሪያ ከታደለባቸው አገሮች አንዷ ናይጄሪያ ናት።