መፍጫው የሚወስነው ስኒ፦ የቤት ውስጥ ኤስፕሬሶ ዳሰሳ

ለቤቱ የኤስፕሬሶ ማሽን ሊገዛ የተነሳ ሰው ጥያቄው ሁሉ ስለ ማሽኑ ነው። ስንት ባር ይገፋል? ወተት ያፈላል ወይ? ይበረክታል? ስለ መፍጫው የሚጠይቅ ከስንት አንድ ነው። የማሽኑ ሥራ ግን ሁለት ብቻ ነው፤ ውሃውን በተፈለገው ሙቀት ማቆየትና በተፈለገው ግፊት በቡናው ውስጥ ማሳለፍ። ይህን ሥራ በቤት ውስጥ መወጣት ለረጅም ዘመን ከባድ ነበር፤ ዛሬ በመካከለኛ ዋጋ የሚሸጡት ማሽኖች እንኳ በደህና ይወጡታል። ጥሩውን ስኒ ከመጥፎው የሚለየው በአብዛኛው መፍጫው ነው፤ ከዚያም ቡናው ከተቆላ በኋላ የቆየበት ጊዜ።

ከጅምሩ እንይ። የቱሪኑ ሰው አንጄሎ ሞሪዮንዶ በእንፋሎት ኃይል ቡና የሚያወጣ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1884 አስመዘገበ። የሚላኖው ሉዊጂ ቤዜራ ደግሞ በ1901 ለእያንዳንዱ ደንበኛ ለብቻው የሚቀዳ ማሽን ይዞ መጣ፤ ዴሲዴሪዮ ፓቮኒ መብቱን ገዝቶ ገበያ ላይ አዋለው። የእነዚህ ማሽኖች ችግር ግፊታቸው ከእንፋሎት መምጣቱ ነበር። ግፊት እንዲጨምር ውሃው ይበልጥ መጋል አለበት፤ ከመጠን በላይ የጋለ ውሃ ደግሞ ቡናውን ያሳርረዋል። ከዚህ አጣብቂኝ ያወጣቸው አኪሌ ጋጂያ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለገበያ ያቀረበው ማሽን ውሃውን የሚገፋው በእንፋሎት ሳይሆን በማንሻ በሚወጠር ሞላ ነበር። ግፊቱ ወደ 9 ባር ተጠጋ፤ በስኒው አናት ላይም ዛሬ ክሬማ የምንለው ወርቅማ አረፋ ታየ። በ1961 ደግሞ ፋኤማ የተባለ ኩባንያ ኢ61 የሚባለውን ማሽን አወጣ፤ ስሙም በዚያው ዓመት ከታየው የፀሐይ ግርዶሽ የተወሰደ ነው። ኢ61 የባሪስታውን ክንድ በኤሌክትሪክ ፓምፕ ተካው፤ ሙቅ ውሃም ቡናው በሚታሰርበት የማሽኑ ራስ ዙሪያ እንዲዘዋወር አደረገ። ሙቀቱ የረጋው በዚህ ነው።

ወደ ቤት የገባው ማሽን መንገዱ ሌላ ነበር። ብዙ ጣሊያናዊ ቤተሰብ ያለው ሞካ ነው፤ አልፎንሶ ቢያሌቲ በ1933 ያወጣት የአሉሚኒየም ጀበና። ጥሩ ቡና ታወጣለች፤ ግፊቷ ግን ከ2 ባር በታች ስለሆነ ኤስፕሬሶ አትባልም። ላ ፓቮኒ በ1960ዎቹ ያቀረበው ባለ ማንሻ የቤት ማሽን ኤስፕሬሶን ቤት ካስገቡት አንዱ ነው፤ ዛሬም ይሠራል። ጋጂያ ክላሲክ በ1991፣ ራንቺሊዮ ሲልቪያ በ1997 ሲከተሉ፣ አንድ ትንሽ የውሃ ማሞቂያ ቦይለርና ፓምፕ ያለው ጠንካራ ማሽን የጀማሪው መደበኛ ምርጫ ሆነ። ኔስፕሬሶ በ1986 የጀመረው የካፕሱል መንገድ ሁሉንም ነገር አስቀድሞ አሽጎ ስለሚሰጥ ለተጠቃሚው የሚተወው ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ይህ ለቸኮለ ሰው ይበጃል፤ ቡናውን በራሱ እጅ ማውጣት ለሚሻ ግን የሚማርበት ነገር የለውም።

ዛሬ የሚሸጡት ማሽኖች የሚለያዩት ውሃ በሚያሞቁበት መንገድ ነው። ውሃን በጋለ ብረት ውስጥ እያሳለፉ የሚያሞቁት ፈጥነው ይደርሳሉ። ባለ አንድ ቦይለሮቹ ቡና ካወጡ በኋላ ወተት ለማፍላት መጋል፣ ለሚቀጥለው ቡናም መብረድ አለባቸው። በእንፋሎት ቦይለር ውስጥ በሚያልፍ ቱቦ የቡናውን ውሃ የሚያሞቁም አሉ። ባለ ሁለት ቦይለሮቹ ቡናውንም ወተቱንም ባንድ ጊዜ ያደርሳሉ፤ ዋጋቸውም ይከብዳል። ካርቶን ላይ «15 ባር» ተብሎ የሚጻፈው ግን ፓምፑ ሊደርስ የሚችለው ጣሪያ እንጂ ለቡናው የሚያስፈልገው አይደለም። ለቡናው 9 ባር ይበቃዋል፤ ያንንም ግፊት የሚፈጥረው ፓምፑ ብቻውን ሳይሆን የላመው ቡና ውሃውን የሚገታበት ጉልበት ነው። ቡናው ሻካራ ከሆነ ውሃው ሳይጨነቅ ያልፋል፤ ፓምፑ ምንም ቢያጓራ ግፊት አይፈጠርም።

ርካሽ ማሽኖች ይህን ጉድለት የሚሸፍኑት ታችኛው ሽፋኑ አንዲት ቅንጣት ቀዳዳ ባላት ድርብ ማጥለያ ነው። ቡናው እንዴትም ይፈጭ፣ ቀዳዳዋ ግፊት ትፈጥራለች፣ አረፋም ታወጣለች። አረፋው ግን ክሬማ ይመስላል እንጂ ከሥሩ ያለው ቡና ብዙ ጊዜ የሳሳ ነው። ማሽኑ ተራውን ነጠላ ማጥለያ የሚቀበል ከሆነ፣ እሱን ገዝቶ መቀየርና ቀሪውን ገንዘብ መፍጫ ላይ ማዋል ይሻላል።

መፍጫው ምን ዓይነት ይሁን? ባለ ስለቱ፣ ማለትም ቡናውን እየቆራረጠ የሚበትነው፣ ለኤስፕሬሶ አይሆንም፤ ከአንድ ዙር ዱቄትም ስባሪም አብሮ ይወጣል። የሚያስፈልገው ፍሬውን በሁለት ጥርሳም ብረቶች መካከል የሚያደቅና በብረቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት በጥቂት በጥቂቱ ማጥበብና ማስፋት የሚቻልበት ነው። ለኤስፕሬሶ ከሌላው አፈላል ሁሉ ይልቅ ይህ ጥቂት ለውጥ ዋጋ አለው፤ ለዓይን የማይታይ የልመት ልዩነት የአወራረዱን ጊዜ በአሥር ሰከንድ ሊለውጠው ይችላል። ገንዘቡ ያጠረ ሰው በእጅ የሚዞር ጥሩ መፍጫ ቢገዛ፣ በዚያው ዋጋ ከሚገኘው የኤሌክትሪክ መፍጫ የተሻለ ያገኛል። ከሱቅ ተፈጭቶ የመጣ ቡና ግን ለጀበና እንጂ ለዚህ ማሽን ብዙም አይሆንም።

አሁን አንድ ስኒ ከቅርብ እንመልከት። የጣሊያን ብሔራዊ ኤስፕሬሶ ኢንስቲትዩት መስፈርት 7 ግራም ቡና፣ 25 ሰከንድና 25 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። የዛሬው የቤት ልማድ ከዚህ ከፍ ብሏል፤ 18 ግራም የተፈጨ ቡና ይገባል፣ 36 ግራም ፈሳሽ ይወጣል፣ ጊዜውም ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ነው። ለዚህ የወጥ ቤት ሚዛን ግድ ነው፤ አረፋው ዓይንን ስለሚያታልል በመጠን ሳይሆን በክብደት መለካት ይገባል። ቡናው ማጥለያው ውስጥ በቀጭን መርፌዎች ተበትኖ ይስተካከላል፣ ከዚያ ይጠቀጠቃል። ሲጠቀጠቅ ከጉልበት ይልቅ ገጹ ዝንፍ አለማለቱ ይበልጣል፤ ያጋደለ ከሆነ ውሃው ስሱ ጎን ፈልጎ በዚያ ይሰርጋል። ፓምፑ ከተነሳ ጥቂት ሰከንዶች በኋላ ጠቆር ያሉ ጠብታዎች ይታያሉ፣ ተገናኝተው አንድ ቀጭን ክር ይሆናሉ፣ ክሩም ከጥቁር ቡናማ ወደ ወርቅማ ይገረጣል። ሚዛኑ 34 ሲል ማቆም ነው፤ የቀረው በራሱ ይንጠባጠባል።

በ15 ሰከንድ ከወረደ ይኮመጥጣል፣ ወዙም ስስ ይሆናል። አሲዱ ፈጥኖ ስለሚሟሟ ቀድሞ ወጥቷል፣ ጣፋጩ ግን ጊዜ አላገኘም፤ መፍጫውን ማጥበብ ነው። በ45 ሰከንድ እየተንጠባጠበ ከወረደ ይመርራል፣ ምላስም ያደርቃል፤ መፍጫውን ማላላት ነው። የሚገባውን ቡናና የሚወጣውን ፈሳሽ ክብደት ሳይነኩ አፈጫጨቱን ብቻ መለወጥ ያስፈልጋል፤ ሁለት ነገር ባንድ ላይ የነካ ሰው ምን እንደረዳው ሊያውቅ አይችልም። እስኪላም ማጥበብም ወሰን አለው። የኦሪጎን ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ክሪስቶፈር ሄንደን ከባልደረቦቹ ጋር በ2020 ባወጣው ጥናት፣ ከመጠን በላይ የላመ ቡና ተደፍኖ ውሃው ባልተስተካከለ መንገድ እንደሚያልፍ፣ ትንሽ ሻከር አድርጎ በጥቂት ቡና ማውጣትም ይበልጥ ወጥ የሆነ ስኒ እንደሚሰጥ አሳይቷል።

ትኩስነት ላይ ደግሞ የእኛን ልማድ የሚገለብጥ ነገር አለ። በጀበና ሥርዓት ቡናው በዓይን ፊት ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ወዲያው ይፈላል፤ ክብሩም እዚያ ላይ ነው። ለኤስፕሬሶ ይህ አይሠራም። የተቆላ ፍሬ ውስጡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያምቃል፤ በዚያው ቀን በግፊት ሲወጣ ጋዙ ውሃውን እየገፋ አረፋ ብቻ ያበዛል፣ ጣዕሙም ይበተናል። ስለዚህ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት አየር በማያስገባ ከረጢት ማሳረፍ ይበጃል። ከወር ሁለት ወር በኋላ ግን ክሬማው ይሳሳል፣ መዓዛውም ይከዳል። ለስለስ ተደርጎ የተቆላ የታጠበ ይርጋ ጨፌ ደግሞ ፍሬው ጠንካራ ስለሆነ ላም ያለ አፈጫጨትና 94 ወይም 95 ዲግሪ ውሃ ይወዳል፤ 18 ግራሙን እስከ 45 ግራም ማስወረድም የአበባ ቃናውን ይከፍተዋል። ጠቆር ብሎ የተቆላው 90 ዲግሪ ይበቃዋል።

ወተቱ አጭር ነገር ነው፤ መጀመሪያ ላይ ጥቂት አየር ማስገባት፣ ከዚያ ማሽከርከር፣ 60 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ማቆም። ውሃው ከበድ ያለ ከሆነ ቦይለሩ ውስጥ ኖራ ስለሚጋገር ለስላሳ ውሃ መጠቀም ማሽኑን ያድነዋል። ማጥለያውና የማሽኑ ራስ በየቀኑ በውሃ ካልታጠቡ የተጣበቀው የቡና ዘይት ይሻግታል፣ የነገውንም ስኒ ያበላሻል።

ቶሞካ ቡና ቤት በ1953 የተከፈተባትና በማሽን ቡና የሠለጠነችው አዲስ አበባ ግን አንድ የራሷ ጉዳይ አላት። ከተማዋ ወደ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ማሽን ውስጥ በታመቀ ግፊት 94 ዲግሪ ማድረስ ይቻላል፤ ቡና ሳይታሰር ሲለቀቅ ግን ውሃው እየተንፏፏ በእንፋሎት ይወጣል። ይህ ብቻውን የብልሽት ምልክት አይደለም። ቱቦው በቦይለር ውስጥ የሚያልፍ ማሽን ያለው ሰው ከአውሮፓ መመሪያ የሚማረው፣ ውሃውን መንፏፏቱ እስኪቆም ለቆ፣ ከዚያም ጥቂት ሰከንድ ጨምሮ እንዲያበርድ ነው። ምክሩ የተጻፈው ውሃ በ100 ዲግሪ ለሚፈላበት አገር ነው። አዲስ አበባ ላይ መንፏፏቱ ሲቆም ውሃው 92 ደርሷል፤ ከዚያ ወዲያ የሚለቀቀው ሁሉ ቡናውን ያኮመጥጠዋል፣ ስለዚህ እዚያው ላይ አቁሞ ወዲያው ማሰር ነው።