ሌሊት ለሚያዋልዱና ለሚያስታምሙ፦ የግንባር ባትሪ ሲገዙ ምን ማየት አለብዎት?

ምጥ ሰዓት አይመርጥም። በኻርቱም ደግሞ ሌሊቱ ብዙ ጊዜ መብራት የለውም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ከተቀሰቀሰ ወዲህ የከተማዋ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ተዳክሟል። በጃንዋሪ 2025 በመርዌ ግድብ ያለው የኃይል ጣቢያ በድሮን ሲመታ ኦምዱርማንም አብራ ጨልማለች። በስልክ መብራት ማዋለድና ቁስል መስፋት በሱዳን የጤና ተቋማት ደጋግሞ የተነገረ ነገር ነው።

እርስዎ አዋላጅ፣ የጤና አስተዋዋቂ ወይም ሌሊት በሽተኛ የሚያስታምሙ ሰው ከሆኑ ችግሩን ያውቁታል። ስልክዎን በጥርስዎ ይነክሳሉ፣ ወይም የቤቱ ልጅ ኩራዝ ይዛ እንድትቆም ያደርጋሉ። ደም በነካው ጓንት የተያዘው ስልክ በማግስቱ ጆሮዎ ላይ ነው። ኩራዝ በሣር ጎጆና በሸራ ድንኳን ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ በካምፕ ለኖረ ሰው መንገር አያስፈልግም። ስለሆነም በዚህ እትም በላስቲክ ግንባር ላይ ስለምትታሰረው ትንሽ ባትሪ እንነግርዎታለን።

የግንባር ባትሪ ቀድሞ የማዕድን ቆፋሪና የዋሻ አሳሽ ዕቃ ነበረች፤ ከባድም ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2000 የፈረንሳዩ ፔትዝል ኩባንያ ቲካ የተባለችውን ባለ ኤልኢዲ ባትሪ አወጣ። ያቺ በሦስት ቀጫጭን የሪሞት ድንጋይ የምትሠራ ነበረች። ዛሬ በየገበያው የሚሸጡት ትናንሾቹ አብዛኞቹ ይህንኑ አሠራር የተከተሉ ናቸው።

ሻጩ መጀመሪያ የሚያሳይዎት በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን የሉመን ቁጥር ነው። ሉመን ከባትሪዋ የሚወጣው የብርሃን መጠን ነው። 1000 ወይም 5000 የሚል ያያሉ። ሦስት የሪሞት ድንጋይ ያላት ባትሪ 5000 ሉመን ልታወጣ አትችልምና አይመኑት። በክንድ ርቀት ለሚሠራ ሥራ ከ50 እስከ 100 ሉመን ይበቃል። ከዚያ ሲበልጥ ከነጭ አንሶላና ከእርጥብ ቆዳ ላይ እያንጸባረቀ ዓይንዎን ያደክማል፣ እናቲቱንም ያስጨንቃል። “100 ሰዓት ትሠራለች” የሚለውንም በጥንቃቄ ያንብቡት። ኤፍ ኤል 1 የተባለው የባትሪዎች መለኪያ ደንብ ሰዓቱን የሚቆጥረው ብርሃኑ ከመነሻው ወደ አንድ አሥረኛ እስኪወርድ ድረስ ነው። በመጨረሻዎቹ ሰዓታት የሚያገኙት ጭላንጭል ነው ማለት ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ ሊያሳስብዎት የሚገባው የብርሃኑ ቀለም ነው። ብዙ ባትሪዎች ቀይ መብራትም አላቸው። ቀዩ ዓይን ጨለማውን እንደለመደ እንዲቆይ ስለሚረዳ ለዘበኛና ለወታደር ጥሩ ነው። ለአዋላጅ ግን አደገኛ ነው። በነጭ ወረቀት ላይ በቀይ እስክሪብቶ ይጻፉና በቀይ መብራት ያብሩበት፤ ጽሑፉ ይጠፋል። ደምም እንዲሁ ነው። ከወሊድ በኋላ ግማሽ ሊትር ደም መፍሰስ አደጋ መሆኑን በሥልጠና ሰምተዋል፤ ያ ግማሽ ሊትር በጥቁር ምንጣፍ ላይ፣ በቀይ ወይም በደከመ መብራት ሲታይ የእንሽርት ውኃ ሊመስል ይችላል። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ መብራትም ያሳስታል። የሕፃኑን ዓይን ቢጫነት ይደብቃል፤ የደህናውን ሕፃን ከንፈር ደግሞ አየር ያጠረው ያስመስላል። ወደ ፀሐይ ብርሃን የቀረበ ነጭ ይምረጡ።

ይህን ሱቅ ውስጥ መሞከር ይችላሉ። ሻጩን ባትሪዋን እንዲያበራ ይጠይቁና ነጠላዎን ወይም ጃኬትዎን ከላይ ሸፍነው የእጅዎን አንጓ ከውስጥ በኩል ይመልከቱ። ደም ሥሩ ከቆዳው ተለይቶ ይታያል? የመዳፍዎ ቅላት እንደ ቀን ነው? ካልሆነ ሌላ ያሳይዎት። ሻጩ ቢሰለችም ግድ የለም። ብርሃኑ እንደ ሳህን የሚሰፋ እንጂ እንደ ዱላ ቀጥ ብሎ የሚሄድ እንዳይሆን ይዩ። ቀጥ ብሎ የሚሄድ ብቻ ካገኙ መስተዋቱ ላይ ቀጭን ነጭ የቁስል ፕላስተር ቢለጥፉበት ይሰፋል።

ክብደቷ ከነድንጋይዋ ከ100 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል። ከኋላ ትልቅ የድንጋይ ሣጥን ያላቸው ለረዥም ጉዞ ይሆናሉ፤ ሦስት ሰዓት አንገት ደፍቶ ለሚሠራ ሰው ግን ሸክም ናቸው። ማብሪያዋ በክርን ወይም በእጅ አንጓ ጀርባ የምትጫን ትልቅ ቁልፍ ትሁን። እጅዎን ከመታጠብዎና ጓንት ከማጥለቅዎ በፊት አብርተው ወደ ታች ያዘንብሏት፤ ከዚያ በኋላ አይንኳት። ላስቲኩ ወልቆ በሳሙና የሚታጠብ መሆኑንም ያረጋግጡ። የማይወልቅ ከሆነ አንድ ቀን ደም ነክቶት እዚያው ይደርቃል።

ቀጥሎ የሚመጣው የኃይሉ ጉዳይ ነው። በዩ ኤስ ቢ የምትሞላው ቤትዎ ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ ካለ ወይም ስልክ የሚሞላ ሱቅ ከቀረበ ትረክሳለች። ነገር ግን ድንጋዩ ተዘግቶ የተሠራ ከሆነ ሲደክም መቀየር አይቻልም፣ ባትሪዋም አብራ ትጣላለች። እኛ የምንመርጠው በሁለቱም የምትሠራውን ነው፤ ካልተገኘች በሪሞት ድንጋይ የምትሠራውን። ወፍራሙን የሊቲየም ድንጋይ የሚገዙ ከሆነ 18650 በሚባለው ላይ 9900 ሚሊ አምፒር ሰዓት ተብሎ ቢጻፍ ውሸት ነው፤ ጥሩው 3500 ገደማ ነው። የኻርቱም ሙቀት ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ወራት ሊቲየም ድንጋይ ፀሐይ ላይ ወይም በተዘጋ መኪና ውስጥ አይተዉ፣ በቀትርም አይሙሉ።

ካርቶኑ ላይ አይ ፒ ኤክስ 4 የሚል ካዩ ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውኃ ይችላል ማለት ነው። ኤክስ ግን በአቧራ አልተፈተነም ማለት ነው። ሀቡብ ለሚነፍስበት አገር ከውኃው ይልቅ አቧራው ያሳስባል። አይ ፒ 6 ብሎ የሚጀምር ካገኙ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም ይግዙት።

መንገድ ላይ ሲሄዱ ባትሪዋን ከግንባርዎ አውርደው በወገብዎ ልክ ይያዟት። ከዓይን አጠገብ የሚመጣ ብርሃን የመሬቱን ጥላ ስለሚያጠፋ ጉድጓዱም እባቡም አይለይም፤ በአቧራ ጊዜም ተመልሶ ዓይንዎን ያውራል። ኬላ ሲቃረቡ መሬቱን ብቻ ታብራ፤ በወታደር ፊት ላይ እንዳታበራ ይጠንቀቁ።

አንድ ዓይነት ባትሪ ግን በርካሽ ቢሰጥዎትም አይግዙ፦ እንደ ሳንቲም ክብ በሆነ ድንጋይ የምትሠራውንና ክዳኗ ያለ ቡሎን በጣት የሚከፈተውን። ሕፃን ይህን ድንጋይ ከዋጠ ጉሮሮው ላይ ተጣብቆ በ2 ሰዓት ውስጥ ሊያቃጥለው ይችላል። ልጅ ውጦ ከሆነ፣ ወይም ውጧል ብለው ከጠረጠሩ፣ እንዲያስታውክ አያድርጉ፤ ሳይዘገዩ ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል ይውሰዱት፣ ተመሳሳይ ድንጋይ ካለዎትም ለሐኪሙ ያሳዩ።

የገዟትን ባትሪ ከማዋለጃ ዕቃዎ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ ያኑሯት። ቦርሳ ውስጥ ተጭና እንዳትበራ አንዱን ድንጋይ አውጥተው በወረቀት ጠቅልለው አጠገቧ ያስቀምጡ፤ ሦስት ትርፍ ድንጋይም ይጨምሩ።