የሞተር ዘይት በስንት ኪሎ ሜትር ይቀየር?

ዘይት የተቀየረላት መኪና ከጋራዥ ስትወጣ ብዙውን ጊዜ አንዲት ትንሽ ወረቀት ይዛ ትወጣለች። በወረቀቷ ላይ ዘይቱ የተቀየረበት ኪሎ ሜትርና በቀጣይ የሚቀየርበት ኪሎ ሜትር ሰፍሯል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ግን ከጋራዥ ጋራዥ፣ ከባለመኪና ባለመኪና ይለያያል። አንዱ 3,000 ሲል ሌላው 5,000 ይላል፤ 10,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳም አይጠፋም። ለመሆኑ ትክክለኛው የትኛው ነው?

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ምላሹ ከኪስ ጋር የተያያዘ ነው። ዘይት ያለ ጊዜው ሲደፋ በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ምርት ይባክናል፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ ሲሠራበት ደግሞ የሞተር ዕድሜ ያጥራል። በተለይም እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መንግሥት ከወሰነ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን ሞተር ጠብቆ ማቆየት ከቀድሞው የበለጠ ትርጉም አግኝቷል። በመሆኑም በዚህ ጽሑፍ ዘይት በሞተር ውስጥ ምን እንደሚሠራና እንዴት እንደሚያረጅ ካየን በኋላ፣ እያንዳንዱ አንባቢ ለራሱ መኪና የሚስማማውን ጊዜ ሊወስን የሚችልበትን መንገድ እናመለክታለን።

የዘይት ሥራ

ስለ ሞተር ዘይት ሲነሳ በቅድሚያ የሚታሰበው ማለስለስ ነው። በእርግጥም በሚሽከረከረው ዘንግና በኩሽኔታው መካከል ብረት ከብረት እንዳይነካካ የሚያደርገው ስስ የዘይት ሽፋን ነው። የዚህ ሽፋን ውፍረት ጥቂት ማይክሮ ሜትር ብቻ ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮ ሜትር እንደሚደርስ ስናስብ ሽፋኑ ምን ያህል ስስ እንደሆነ እንረዳለን። ዘይት ከዚህ በተጨማሪ ውሃ የማይደርስባቸውን ክፍሎች ያቀዘቅዛል፤ በፒስተን ቀለበቶችና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ያለውን ክፍተት ይደፍናል፤ ቆሻሻን አጥቦ ወደ ፊልትሮ ያደርሳል፤ ብረትንም ከዝገት ይጠብቃል።

እነዚህን ሁሉ ተግባራት ከድፍድፍ ነዳጅ የሚገኘው መሠረታዊ ዘይት ብቻውን ሊወጣቸው አይችልም። ስለዚህም ልዩ ልዩ ተጨማሪ ኬሚካሎች ይቀላቀሉበታል። የካልሲየምና የማግኒዥየም ውሁዶች የሆኑት አጣቢዎች አሲድን ያመክናሉ። በታኞች የሚባሉት ደግሞ የጥላሸት ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው ተጣብቀው እንዳይዘቅጡ ያደርጋሉ። ዚንክና ፎስፎረስ ያለበት ውሁድ የብረቱን ገጽ ከመፋቅ ይከላከላል። ረጃጅም የፖሊመር ሞለኪውሎችም ዘይቱ በሙቀት ጊዜ ከልክ በላይ እንዳይቀጥን ይረዳሉ። «ዘይቱ አረጀ» ስንል ከምናመለክታቸው ነገሮች ዋነኛው የእነዚህ ተጨማሪዎች ማለቅ ነው።

ዘይት እንዴት ያረጃል?

የዘይትን ዕድሜ የሚያሳጥሩት ነገሮች በአራት ሊከፈሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ሙቀት ነው። ዘይት በሙቀት ጊዜ በአየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር ይዋሐዳል፤ በዚህም ይወፍራል፣ አሲድና ሙጫ መሰል ዝቃጭም ይፈጥራል። የኬሚስትሪ ተማሪዎች እንደሚያውቁት የሙቀት መጠን በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር የዚህ ዓይነቱ ሂደት ፍጥነት በግምት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከልክ በላይ በሚሞቅ ሞተር ውስጥ ያለ ዘይት ቶሎ ቢያረጅ የሚያስገርም አይደለም።

ሁለተኛው ውሃና ነዳጅ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል በውስጡ ያለው ሃይድሮጅን ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይፈጥራል። አብዛኛው በእንፋሎት መልክ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ጥቂቱ ግን በፒስተን ቀለበቶች በኩል አልፎ ወደ ዘይቱ ይገባል። ሞተሩ ቀዝቃዛ በሆነበት ጊዜ ያልተቃጠለ ቤንዚንም በዚያው መንገድ ይወርዳል። ውሃው ከማቃጠያው ክፍል ከሚመጡ ጋዞች ጋር ተደባልቆ አሲድ ይፈጥራል፤ ቤንዚኑ ደግሞ ዘይቱን ያቀጥናል።

ሦስተኛው አቧራና ጥላሸት ነው። የመንገድ አቧራ ዋነኛ ክፍል ሲሊካ ሲሆን፣ ይህ ማዕድን ከአብዛኞቹ የሞተር ብረቶች ይጠነክራል። በተቀደደ ወይም በደንብ ባልገጠመ የአየር ፊልትሮ በኩል የገባ አቧራ በዘይቱ ውስጥ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ብረቱን ይፍቃል። ጥላሸት በይበልጥ የናፍጣ ሞተር ችግር ነው።

አራተኛው በማርሾችና በዘንጎች መካከል የሚደርሰው መቆራረጥ ነው። ከላይ የጠቀስናቸው ረጃጅም የፖሊመር ሞለኪውሎች ቀስ በቀስ ይበጣጠሳሉ፤ ያን ጊዜ ዘይቱ በሙቀት ወቅት ይዞት የነበረውን ውፍረት ያጣል።

ሁለት መኪኖች፣ ሁለት ዓይነት እርጅና

ከላይ የተዘረዘሩት ምክንያቶች በሁሉም መኪና ላይ እኩል አይደርሱም። ለምሳሌ ያህል በአዲስ አበባ የሚሠሩ ሁለት መኪኖችን እናስብ።

አንደኛዋ በቀን 150 ኪሎ ሜትር የምትሠራ የሚኒባስ ታክሲ ናት። አማካይ ፍጥነቷ ቆሞ መጠበቅንና የትራፊክ መጨናነቅን ጨምሮ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ነው ብንል፣ ሞተሩ በየቀኑ 10 ሰዓት ይሠራል ማለት ነው። ይህች መኪና 5,000 ኪሎ ሜትር ለመድረስ የሚፈጅባት 33 ቀናት ያህል ሲሆን፣ ሞተሩ የሠራው ግን 333 ሰዓት ነው። በአገር አቋራጭ መንገድ በሰዓት በአማካይ 60 ኪሎ ሜትር የምትጓዝ መኪና ይህንኑ 5,000 ኪሎ ሜትር በ83 ሰዓት ታጠናቅቃለች። የኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ሁለቱን እኩል ቢያደርጋቸውም የታክሲዋ ዘይት በአራት እጥፍ የሚበልጥ ሰዓት አገልግሏል። ለጄኔሬተሮችና ለግንባታ ማሽኖች የዘይት መቀየሪያ ጊዜ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት የሚወሰነው፣ በብዙዎቹም ዘንድ 250 ሰዓት የተለመደው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛዋ ባለቤቷን ከቤት ወደ ሥራ የምታመላልስ የቤት መኪና ናት። በቀን 5 ኪሎ ሜትር ሄዳ 5 ኪሎ ሜትር ትመለሳለች። 5,000 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 500 ቀናት፣ ማለትም ከ16 ወራት በላይ ያስፈልጋታል። ብዙዎች እንዲህ ያለችውን መኪና «አትደክምም» ይላሉ። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የራዲያተሩ ውሃ ከሞቀ በኋላም ዘይቱ ተገቢውን ሙቀት ለማግኘት ተጨማሪ ጊዜ ይፈልጋል፤ 5 ኪሎ ሜትር ደግሞ ለዚህ አይበቃም። በመሆኑም በየጠዋቱና በየማታው ወደ ዘይቱ የሚገባው ውሃና ቤንዚን ተንኖ ሳይወጣ ይጠራቀማል። ታክሲዋ ቀኑን ሙሉ ሙቅ በመሆኗ ከዚህ ችግር ነፃ ናት፤ የእሷ ጠላቶች ሙቀት፣ አቧራና የሰዓት ብዛት ናቸው። እንግዲህ ለመጀመሪያዋ መኪና ወሳኙ የሥራ ሰዓት ሲሆን፣ ለሁለተኛዋ ወሳኙ የዘመን መቁጠሪያው ነው።

የከፍታው ተጽዕኖ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ካርቡራተር ያላቸው የቀድሞ መኪኖች ይህን ልዩነት በራሳቸው ማስተካከል ስለማይችሉ፣ እንደ ከፍታው ካልተስተካከሉ በስተቀር ለሚያገኙት አየር ከሚገባው በላይ ቤንዚን ያስገባሉ። ውጤቱም ጥቁር ጭስና በቤንዚን የቀጠነ ዘይት ነው። በኤሌክትሮኒክስ የሚቆጣጠሩት መኪኖች ግን የአየሩን መጠን እየለኩ ነዳጁን ያመጣጥናሉ። ከፍታው ጥቅምም አለው፤ ውሃ በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚፈላ፣ በደንብ ከሞቀ ዘይት ውስጥ ያለው እርጥበት ከቆላው ይልቅ በቀላሉ ይተናል። ይህ የሚሠራው ግን ሞተሩ በደንብ የሚሞቅበት ጉዞ ካለ ብቻ ነው።

ቁጥሮቹ ከየት መጡ?

በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት «በየ3,000 ማይል ቀይር» የሚል ልማድ ነበር። ይህም 4,800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዘይቶችም ሞተሮችም እየተሻሻሉ በመሄዳቸው ልማዱ ከሳይንሱ ወደ ኋላ ቀረ፤ የካሊፎርኒያ ግዛት አስተዳደርም ዘይት እንዳይባክን በማሰብ፣ ነጂዎች ከዚህ ልማድ ይልቅ የአምራቹን መመሪያ እንዲከተሉ ቅስቀሳ አድርጓል።

የአምራቹ መመሪያ ግን በጥንቃቄ መነበብ አለበት። በብዙ የጃፓን የቤንዚን መኪኖች መመሪያ ላይ ሁለት ሰንጠረዦች ይገኛሉ። ለተለመደው አጠቃቀም ብዙውን ጊዜ 10,000 ኪሎ ሜትር ወይም 12 ወር፣ ለከባድ አጠቃቀም 5,000 ኪሎ ሜትር ወይም 6 ወር ይላሉ፤ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው ይወስናል። ከባድ አጠቃቀም የሚባሉትም አቧራማ መንገድ፣ ከባድ ጭነት፣ የታክሲ ሥራ፣ ሞተር አስነስቶ ለረጅም ጊዜ መቆም፣ እንዲሁም በብርድ ጊዜ የሚደጋገም አጭር ጉዞ ናቸው። ይህን ዝርዝር ያነበበ የከተማችን ነጂ ራሱን በየትኛው ሰንጠረዥ ውስጥ እንደሚያገኘው ግልጽ ነው።

የቁጠባው ስሌት

«ትንሽ ባራዝመው ምን ያህል እቆጥባለሁ?» የሚለውን ጥያቄ በስሌት እንመልከተው። 20,000 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ በየ2,500 የሚቀይር ሰው 8 ጊዜ ይቀይራል፤ በየ5,000 የሚቀይር 4 ጊዜ፤ በየ10,000 የሚቀይር 2 ጊዜ፤ በየ20,000 የሚቀይር 1 ጊዜ። ከ2,500 ወደ 5,000 ማራዘም 4 ቅየራ፣ ከ5,000 ወደ 10,000 ማራዘም 2 ቅየራ ያድናል፤ ከ10,000 ወደ 20,000 ማራዘም የሚያድነው ግን 1 ቅየራ ብቻ ነው። ጊዜው በረዘመ ቁጥር ቁጠባው እያነሰ ሲሄድ፣ የተጨማሪ ኬሚካሎቹ ክምችት እየተሟጠጠ አደጋው በአንጻሩ ይጨምራል። አንድን ሞተር አውርዶ ማደስ ከብዙ የዘይት ቅየራ ዋጋ እንደሚበልጥ ያየ ሰው ደግሞ የመጨረሻዋን ቅየራ ለማትረፍ መጣጣሩ አያዋጣውም።

ቀለሙ ይመሰክራልን?

ብዙዎች የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተው ቀለሙን በማየት ብቻ ይፈርዳሉ። ይሁን እንጂ የጠቆረ ዘይት ሁሉ ያረጀ አይደለም። በናፍጣ ሞተር ውስጥ አዲስ ዘይት በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይጠቁራል፤ ይህም በታኞቹ ጥላሸቱን ተሸክመው ሥራቸውን በመሥራት ላይ መሆናቸውን ያመለክታል። በአንጻሩ ንጹሕ የሚመስል ዘይት አሲድ የመከላከል ኃይሉ አልቆ ሊሆን ይችላል።

ከቀለም የተሻለ አንድ ቀላል ሙከራ አለ። ከሙቅ ሞተር አንድ ጠብታ ዘይት ወስዶ በነጭ የማጥሊያ ወረቀት ላይ ማሳረፍና ለጥቂት ሰዓታት መተው ነው። ጥቁረቱ ከመሐል ወደ ዳር ቀስ በቀስ እየደበዘዘ ከተስፋፋ በታኞቹ ገና በሥራ ላይ ናቸው። ጥላሸቱ በመሐል ተሰብስቦ ጠርዙ በጉልህ ከተቆረጠ ግን ዘይቱ ቆሻሻውን መሸከም አቅቶታል። ሙከራው የአሲድ መከላከያውን መጠን ወይም የብረት ብናኝን አይነግረንም። ይህን የሚለየው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው፤ የአሜሪካ የባቡር ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በዘይት ውስጥ የሚገኙ ብረቶችን በመለካት የሎኮሞቲቭን ጤንነት ማወቅ ከጀመሩ ወዲህ ዘዴው በብዙ ዘርፎች ተስፋፍቷል። ብዙ መኪና ለሚያስተዳድሩ ድርጅቶች ወጪውን ሊሸፍን ይችላል።

እንዴት እንወስን?

ከላይ ከተባለው በመነሳት ውሳኔውን በሚከተለው ቅደም ተከተል ማድረግ ይቻላል።

በመጀመሪያ የመኪናውን መመሪያ ማንበብና የከባድ አጠቃቀሙን ቁጥር መነሻ ማድረግ፤ መኪናው በአብዛኛው በአገር አቋራጭ አስፋልት ላይ የሚጓዝ ከሆነ ብቻ ወደ ተለመደው ቁጥር መሸጋገር።

ሁለተኛ፣ ኪሎ ሜትሩንና ወሩን አብሮ መቁጠር። ብዙ የማይነዳ ሰው በስድስት ወር መወሰኑ የተሻለ ሲሆን፣ በመጨናነቅ ውስጥ የሚውል ባለታክሲ ደግሞ የሥራ ሰዓቱን ማስላት ይኖርበታል።

ሦስተኛ፣ የዘይቱን ደረጃ ማረጋገጥ። በዕቃው ላይ የሚጻፈው «15ደብሊው-40»ን የመሰለ ቁጥር ውፍረቱን ብቻ ይናገራል። ጥራቱን የሚነግረን የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም የሚሰጠው የፊደል ደረጃ ነው። ለቤንዚን ሞተር ከ«ኤስኤ» ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ2020 ሥራ ላይ እስከዋለው «ኤስፒ»ና እ.ኤ.አ. በ2025 እስከተከተለው «ኤስኪው» ይደርሳል። «ኤስኤ» ምንም ተጨማሪ ኬሚካል የሌለው ሲሆን፣ ከ1930 በኋላ ለተሠሩት አብዛኞቹ ሞተሮች እንደማይስማማ ተቋሙ ራሱ ያስጠነቅቃል። ደረጃው ዝቅተኛ በሆነ ዘይት ረጅም ርቀት መጓዝ አይገባም።

አራተኛ፣ በየሳምንቱ የዘይቱን መጠን መመልከት። መጠኑ በጎደለ ሞተር ውስጥ የትናንት ዘይትም አያድንም። መጠኑ ሳይሞላ ከፍ ብሎ ከተገኘና ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ፣ ወይም ወተት ከመሰለ፣ ኪሎ ሜትር ሳይጠበቅ ለመካኒክ ማሳየት ያስፈልጋል። የጎደለውን እየሞሉ መሄድ ጥቂት ተጨማሪ ኬሚካል ቢያስገኝም የተጠራቀመውን ቆሻሻ አያስወጣምና ቅየራን አይተካም።

አምስተኛ፣ ከዘይቱ ጋር ፊልትሮውን መቀየር፣ የአየር ፊልትሮውንም በየጊዜው መመርመር።

በመጨረሻም የተደፋው ዘይት ወዴት እንደሚሄድ ማሰብ ያስፈልጋል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት እንደሚያስተምረው የአንድ መኪና የአንድ ጊዜ ያገለገለ ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውሃ ሊበክል ይችላል። በውስጡም ለካንሰር የሚዳርጉ ውሁዶች ስለሚገኙ በባዶ እጅ ባይነካ ይመረጣል። ወደ ቦይ ወይም ወደ አፈር ከማፍሰስ ይልቅ በክዳን ዕቃ አጠራቅሞ ለሚሰበስቡት ማስረከብ ተገቢ ነው። በትክክለኛው ጊዜ የሚቀየር ዘይት ሞተሩን ከመጠበቁም በላይ ሊደፋ የሚችለውን ዘይት መጠን ይቀንሳል። ከጋራዥ በምትሰጠን ወረቀት ላይ የሚጻፈው ቁጥርም ከልማድ ይልቅ ከመኪናችን አጠቃቀም የመነጨ ሊሆን ይገባዋል።