ለሲጋራ የተሰጠ፣ ለወዝአደር የተነፈገ ቦታ

የአንድ አገር ምክር ቤት ሕንፃ የድንጋይ ክምር ብቻ አይደለም። ማን ገንብቶት ማን እንደ ተቀመጠበት ለሚጠይቅ ሰው የመደቦች ታሪክ የተጻፈበት ሰነድ ነው። ይህን በሚገባ የተገነዘብነው በሃንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት በተማሪነት ሳለን፣ በዳኑብ ወንዝ ዳር የቆመውን የፓርላማ ሕንፃ በጎበኘንበት ዕለት ነበር።

ሕንፃው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1885 እስከ 1904 የተገነባ ነው፤ ቀጥሎ የምንጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ርዝመቱ 268 ሜትር፣ የጉልላቱ ከፍታ 96 ሜትር ሲሆን፣ ለጌጡ 40 ኪሎ ግራም ያህል ወርቅ ፈሶበታል። ሁለቱ ክንፎቹ እንደ መንታ ይመሳሰላሉ፤ አንደኛው ለተመራጮች፣ ሁለተኛው ለመሳፍንቱና ለመኳንንቱ ምክር ቤት የተሠራ ነበር።

አስጎብኛችን ከስብሰባው አዳራሽ ውጭ ባለው መተላለፊያ አቆመችን። በመስኮቱ ሥር ቁጥር የተጻፈባቸው የናስ ማስቀመጫዎች ተደርድረዋል። የምክር ቤቱ አባል ወደ ስብሰባው ሲገባ የለኮሰውን ሲጋራ በየቁጥሩ ያኖር እንደ ነበር ስትነግረን ሁላችንም ሳቅን።

ሳቃችን ግን አልዘለቀም። በማረፊያው አዳራሽ ዓምዶች ላይ ልዩ ልዩ ሙያዎችን የሚወክሉ ሐውልቶች ቆመዋል። ሠራተኛው በሐውልትነት ገብቷል፤ ሕያው ሠራተኛ ግን ከደጅ ቀርቷል። በዚያ ዘመን የመምረጥ መብት የነበረው ከመቶው ሕዝብ 6 ያህሉ ብቻ ነበርና። ሲጋራው ባለ ቁጥር ቦታ ሲኖረው፣ ድንጋዩን የጠረበው ወዝአደር ቦታ አልነበረውም!

ወዝአደሩም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ሜይ 23 ቀን 1912 የቡዳፔስት ሠራተኞች ሁሉን አቀፍ የመምረጥ መብት በመጠየቅ ወደዚሁ ሕንፃ ሲተሙ ፖሊስ ተኮሰባቸው፤ ሕይወታቸውን ያጡም ነበሩ። ዕለቱ «በደም የቀላው ሐሙስ» ተብሎ ይታወሳል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመኳንንቱ ምክር ቤት ቀረ። በጉልላቱም ላይ ቀይ ኮከብ ወጣ። ይሁንና በ1949 ምርጫ ለመራጩ የቀረበለት የዕጩዎች ዝርዝር አንድ ብቻ ነበር። ኮከቡም በ1990 ወረደ። የመኳንንቱ አዳራሽ ዛሬ የጎብኚዎችና የጉባኤ ስፍራ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማራለን? የጉልላት ጌጥ ይወጣል፣ ይወርዳል። የሕዝብን ሥልጣን የሚመሰክረው ግን ከጉልላቱ በታች ያለው ወንበር ነው። በወርቅ ያጌጠ አዳራሽም ሆነ ቆርቆሮ የለበሰ የቀበሌ መሰብሰቢያ የሚመዘነው በአንድ ሚዛን ነው፦ የገነባው ሰው ገብቶ ይናገራል ወይ? ተናግሮስ ይሰማል ወይ? ሰብሳቢ ሁሉ ስብሰባውን ከመክፈቱ በፊት፣ ተሰብሳቢም ሁሉ እጁን ከማውጣቱ በፊት ይህን ይጠይቅ!